የ1998 ኮሮላ የፊት እግር፦ 112,000 ብር ይውጣባት ወይስ ትሸጥ?

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ባለ መኪኖች፣ በሙያው ላላችሁም ሁሉ። መኪናዬ በፈረንጆች 1998 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ ዘይት አይበላም፣ ካምቢዮዋም አላስቸገረኝም፤ ችግሩ ከፊት እግሯ ላይ ነው። በኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስነዳት ከግራ ጎማ በኩል ቀጠን ያለ የብረት ኳኳታ ይሰማል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ ፍሬን በያዝሁ ቁጥር አፍንጫዋ ወደ ታች ይደፋል፣ መሪውም ወደ ግራ ይስባል። ደሴ ውስጥ ያሳየሁት አንድ ጋራዥ ሁለቱ የፊት ሾክ አብዞርበሮች፣ ሁለቱ የታች ብራቾዎች (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች) ከነባልጆይንታቸው (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያጋጥመው መገጣጠሚያ)፣ የመሪ ቴስቲናዎች (የመሪው ዘንግ ጫፎች) እና የስታብላይዘር ሊንኮች (መኪናዋ በኩርባ እንዳታዘነብል የሚረዳውን ዘንግ የሚያገናኙት) በሙሉ መቀየር አለባቸው ብሎ ከእጅ ዋጋ ጋር 112,000 ብር ጠይቆኛል። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ያንን ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል እየወረድሁ መልሼም እየወጣሁ፣ ሳልመላለስ የምውለው ቀን ጥቂት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ላውጣባት ወይስ እንዳለች ሸጬ ሌላ ልፈልግ?

የተሰጡት ምላሾች

ወደዚህ የውይይት መድረክ አዲስ የሚገቡ ሰዎች የተባለውን ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ እስካሁን የመጡትን ምላሾች በየተራቸው በራሴ አገላለጽ አስፍሬያቸዋለሁ። እኔ የማልስማማበት ቦታ ላይ አልስማማም ብያለሁ።

ምላሽ 1። ሐይቅ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከሰላምታና ከምርቃት በኋላ፣ መኪናዋን እንዳለች ሸጬ እንድገላገል መከሩኝ። አሮጌ መኪና አንድ ጊዜ ከፊት እግር ከጀመረ ወደ ኋላ እግር፣ ከዚያም ወደ መሪው መሻገሩ አይቀርም ባይ ናቸው። የቀድሞ መኪናቸውን ሲያስጠግኑ ኖረው የገዙበትን ያህል ለመለዋወጫ እንዳወጡም አስታውሰዋል።

ምላሽ 2። የደሴ ልጅ ሆኖ ጀርመን የሚኖር ሰው፣ የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ መጠገን ኪሳራ ነው የሚለውን የዚያን አገር ልማድ ጠቀሰ። እዚያ የቤት መኪና በየሁለት ዓመቱ ምርመራ እንደሚደረግለትና ባልጆይንቱ የላላ መኪና እንደማያልፍም ገለጸ። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም መኪናዬን የገመታት በጀርመን ገበያ ስለሆነ፣ ዋጋዋን ሲጽፍ እኔም ሆንሁ ሌሎች አንባቢዎች ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ምላሽ 3። ወልድያ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ የሁለተኛውን ስሌት በአክብሮት አረመ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ እንዳደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን መሻገሩን አስታወሰ። ስለዚህ በሌላ አገር ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጠው የእኔ ዓይነቱ ኮሮላ እዚህ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ያወጣል፤ 112,000 ብር ደግሞ የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ከዚህም በላይ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መካኒኩን ይዞ ስለሚመጣና መካኒኩም መጀመሪያ ክሪክ የሚያገባው ከፊት እግር ሥር ስለሆነ፣ እንዳለች ብትሸጥ ገዢው ከዋጋው የሚቀንሰው ከጥገናው ይበልጣል እንጂ አያንስም አለ። በምትኳ የማገኛትም ሌላ አሮጌ ናት፣ ያውም እግሯን የማላውቃት። ነጋዴው መለዋወጫ እንደሚሸጥ ራሱ ተናግሮ ነው ይህን የጻፈው፤ ጥቅም አለው ብዬ ብጠረጥርም ስሌቱ ላይ እንከን አላገኘሁም። የመሸጡ ሐሳብ ለእኔ እዚህ ላይ አብቅቷል።

ምላሽ 4። በከሚሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ የሚያሽከረክር ሰው፣ ጋራዦች የደመወዝተኛ መኪና ሲያዩ ያለውን ሁሉ ቀይር እንደሚሉ ጽፎ፣ እርሱ የላላ ባልጆይንት ቶርኖ ቤት ወስዶ በማስጠበቅና በማስበየድ ሁለት ክረምት መንዳቱን በኩራት ገለጸ። ይህ ምላሽ እስከዚያ ድረስ ጨዋ የነበረውን ውይይት ለወጠው።

ምላሽ 5። ኮምቦልቻ የሚሠሩ፣ ብዙዎቹ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው አንጋፋ መካኒክ መልስ የሰጡት በቁጣ ነበር። ባልጆይንት ማለት በጽዋ ውስጥ የሚዞር ኳስ መሆኑን፣ ኳሱም ሆነ ጽዋው ከተበላ በኋላ በብየዳ የሚጠብቀው ሽፋኑ ብቻ እንደሆነ፣ የብየዳው ሙቀትም የብረቱን ጥንካሬ እንደሚያበላሽና ውስጡ ያለውን ቅባት እንደሚያቃጥል አስረዱ። ከጽዋው የወጣ ባልጆይንት ያለበትን መኪና ከሐረጎ ኩርባ ላይ አንሥተው እንደሚያውቁ፣ ጎማው ከግርጌው ወደ ውጭ ተገንጥሎ ከመከላከያው ሥር ተጣጥፎ እንደነበር፣ ቦታው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ስለነበር ብቻ ሰዎቹ መትረፋቸውን ተናገሩ። ተሳፋሪ የሚጭን ሰው ይህን በአደባባይ መምከሩ ነውር ነው ሲሉም ገሠጹት። ለእኔ ደግሞ ማንም ሰው በጽሑፍ ከተገለጸ ድምፅ ብቻ ተነሥቶ ምን እንደሚቀየር ሊነግረኝ እንደማይችል፣ ጋራዡም ጎማውን ሳያነሣና ሳይነቀንቅ ዝርዝር ከሰጠኝ ዝርዝሩ ዋጋ እንደሌለው አሳሰቡኝ። ያ ጋራዥ መኪናዋን በክሪክ አላነሣትም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ጫን ጫን አድርጎ ለቀቃት እንጂ።

ምላሽ 6። ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ምህንድስና የተማረ ወጣት በአንጋፋው ሐሳብ ተስማምቶ ምርመራውን ዘርዝሮ ጻፈልኝ፤ ከውይይቱ ሁሉ ለሥራ የጠቀመኝ ይህ ነው። የኮሮላ የፊት እግር ማክፈርሰን በሚባለው ዓይነት የተሠራ ስለሆነ የመኪናው ክብደት በሞላውና በሾኩ በኩል ከላይ ያርፋል፤ የታችኛው ባልጆይንት ተግባር ጎማውን በፍሬንና በኩርባ ጊዜ ከቦታው እንዳይወጣ መያዝ ነው። ስለዚህ ክሪኩ ከቦዲው ሥር ገብቶ ጎማው መንጠልጠል አለበት። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ፣ ንቅናቄ ካለም ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ማድረግ ነው፤ ፍሬኑ ሲያዝ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ክፍል)፣ ካልጠፋ ግን የባልጆይንት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላላ ከሆነ ደግሞ ወደ ቴስቲናውና ወደ መሪው ዘንግ ይኬዳል። ለኮብልስቶኑ ኳኳታም ምንም ወጪ የሌለው መፈተኛ ነገረኝ፦ ሁለቱንም የስታብላይዘር ሊንኮች ፈትቶ በዚያው መንገድ ላይ በጣም በዝግታ መንዳትና ድምፁ ይኖር አይኖር እንደሆነ ማዳመጥ። ሊንኮቹ ተፈትተው ሳለ መኪናዋ በኩርባ ላይ ስለምታዘነብል ከሰፈር እንዳልወጣ አስጠነቀቀኝ።

ምላሽ 7። እነዚህን መፈተኛዎች በራሱ ሃይሉክስ ላይ ሞክሮ ምንም እንዳልተነቃነቀ የገለጸ ሰው ከኩታበር መጣ። ወጣቱም ወዲያው ተመልሶ፣ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ያለው የቀድሞ ሃይሉክስ ክብደቱን የሚያሳርፈው በታችኛው ብራቾ ላይ ስለሆነ ክሪኩ ከቦዲው ሥር ከገባ ባልጆይንቱ ተወጥሮ ጤነኛ እንደሚመስል፣ እርሱ ክሪኩን ከብራቾው ሥር፣ ባልጆይንቱ አጠገብ ማስገባት እንዳለበት አረመው። ይህንን ለይቶ ያልነገረኝ መካኒክ ስንት ነው ብዬ አሰብሁ።

ምላሽ 8 እና 9። እዚህ ላይ ውይይቱ ከጉዳዩ ወጣ አለ። አንዱ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ ኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ እንደሚሻል ሲጽፍ፣ ሌላው የባትሪው ክብደት እግርና ጎማ ቶሎ እንደሚበላ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም ዳገት የበዛበት መሆኑን ጠቅሶ ተከራከረው። 112,000 ብር ይብዛብኝ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በሚሊዮኖች የሚቆጠር መኪና ግዛ ማለት ምን ዓይነት ምክር እንደሆነ አልገባኝም። የመድረኩ አስተናባሪም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠይቋል።

ምላሽ 10። የሚኒባሱ አሽከርካሪ ተመልሶ መጣ፤ በአምስተኛው ምላሽ መቆጣቱም ያስታውቅ ነበር። ቢሮ ተቀምጠው በደመወዝ የሚኖሩ ሰዎች መኪና ለአንድ ቀን ስትቆም ቤት ውስጥ ምን እንደሚጎድል አያውቁም፣ መካኒኮችም በሰው ኪስ ጀግና መሆን ይወዳሉ ሲል ጻፈ። ባልጆይንቱን ግን ባለፈው የቦሎ ምርመራ ጊዜ በአዲስ መቀየሩን በመጨረሻው መስመር ላይ ጣል አድርጎ አለፈ። አንጋፋው መካኒክ ለዚህ መልስ አልሰጡም።

ምላሽ 11። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ መድኃኒት ቤት ያላት እኅት፣ ሁለቱንም ወንድሞቼ እያለች ካበረደች በኋላ፣ የእኔን ጥያቄ እንደገና ማንበቧንና ማንም ያላነሣው ነገር እንዳለ ጻፈች። ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ ግራ ይስባል ብያለሁ፤ ጋራዡ ከጻፈው ዝርዝር ውስጥ ግን ፍሬንን የሚመለከት አንድም ነገር የለም። በእርሷ ቪትዝ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ሾክ ካስቀየረች በኋላ እንኳ መሳቡ እንዳልቆመ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የአንድ ጎማ ፍሬን ተጣብቆ መገኘቱን አስረዳች። ከቁልቁለት ወርዶ እንደቆሙ እጅን ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ቸርኬ ጠጋ አድርጎ፣ ሳይነኩ፣ የሙቀቱን ልዩነት ማየት እንደሚበቃም ነገረችኝ። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም ከእርሷ በፊት የጻፉትን ባለሙያዎች ሁሉ የሚነካ አስተያየት ነበር።

ምላሽ 12 የእኔው ነው፤ የተባለውን ሞክሬ የጻፍሁት። ኮምቦልቻ እንደደረስሁ የግራው ጎማ ሙቀት ከመዳፌ ገና ራቅ ብሎ ሲጋረፍ የቀኙ ለብ ያለ ብቻ ነበር፤ ማለትም ቁልቁለቱን ሁሉ የሚይዘው የግራው ፍሬን ብቻውን ነው፣ መሪውም ወደ ግራ የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው። ሊንኮቹን ፈትተን በሰፈሬ ኮብልስቶን ላይ ስንነዳት ደግሞ ያ ቀጭኑ ኳኳታ ጠፋ፤ በፊት በእርሱ የተሸፈነ አንድ ወፈር ያለ ግጭት ግን ከግራ በኩል መሰማት ጀመረ። ጎማውን አንሥተን ከላይና ከታች ስንነቀንቀው ፍሬኑ ተይዞም ይንቀሳቀሳል። ከሥር ገብቼ በባትሪ ሳየው የባልጆይንቱ ጎማማ ከረጢት በአንድ ጎኑ ተቀዷል፤ ከስንጥቁ የወጣው ቅባት ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆኗል፣ በሁለት ጣቶቼ መካከል ሳሸውም አሸዋው ይሻክራል። የቀኙ ከረጢት ደህና ነው። የግራው ሾክ ከላይ እስከ ታች በዘይት ርሷል፣ በዘይቱ ላይም አቧራ ተጋግሮበታል፤ የቀኙ ደረቅ ነው። የብራቾዎቹን ጎሚኒዎች (ብራቾው ከቦዲው ጋር የሚያያዝባቸውን የጎማ ክፍሎች) በመፈንቀያ ስገፋቸው ግን መሰንጠቅም መላቀቅም አላየሁባቸውም።

ምላሽ 13። አንጋፋው መካኒክ ይህን ካነበቡ በኋላ ድምፃቸው ለዝቦ ተመለሱ። የግራው ባልጆይንት ሳይቀየር ሐረጎን እንዳልወርድ፣ እስከዚያው በታክሲ እንድመላለስ አዘዙኝ፤ ምክር ሊባል አይችልም። ቀጥለውም የዚህ ኮሮላ ባልጆይንት በብራቾው ላይ በብሎንና በዳዶ የታሰረ ስለሆነ ለብቻው እንደሚለወጥ፣ ጎሚኒው ደህና ከሆነ ብራቾውን በሙሉ መቀየር የሚያስገድድ ነገር እንደሌለ ገለጹ። ከ112,000 ብሩ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበረው ብራቾ እንዲህ በአንድ አንቀጽ ወጣ። ሆኖም አንድ ቀን ብራቾው ወይም ጎሚኒው ከተቀየረ ዋናዎቹ ብሎኖች መጨረሻ መጠበቅ ያለባቸው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷ ካረፈ በኋላ ነው፤ ጎማው እንደተንጠለጠለ ከጠበቀ ጎሚኒው ዕድሜውን ሁሉ ተጠምዝዞ ስለሚኖር ቶሎ ይቀደዳል አሉ። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ምላሽ 14። የወልድያው ነጋዴ፣ በሦስተኛው ምላሽ የጻፈው፣ የረሰው አንዱ ሾክ ብቻ ቢሆንም ሁለቱን በአንድ ላይ እንድቀይር ሐሳብ አቀረበ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ በፍሬን ጊዜ ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለማይሠሩ ማለት ነው። ሁሉም ነገር ከጃፓኖቹ መለዋወጫ አምራቾች ከካያባ ወይም ከ555 ይሁን የሚል ሐሳብ ከእርሱ የጠበቁ ነበሩ፤ እርሱ ግን ስሙ በካርቶኑ ላይ መጻፉ ብቻ እንደማያስተማምን፣ ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቼ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍና የከረጢቱን አሠራር እንድመለከት፣ ደረሰኝም እንድቀበል ነገረኝ።

ምላሽ 15። ከመርሳ የጻፈ ሌላ ሰው ከርካሽ አዲስ ይልቅ ያገለገለ የጃፓን ሾክ እንደሚሻል ተከራከረ። ምላሽ 16 ላይ ወጣቱ መሐንዲስ የሾክ ማኅተምና ጎማ በመደርደሪያም ላይ ሆኖ እንደሚያረጅ፣ ያገለገለ ሾክ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያረጋግጥ መንገድም እንደሌለ መለሰለት፤ የመርሳው ሰውም የራሱ መኪና ላይ ያለችግር እየሠራ መሆኑን ደግሞ አስረግጦ ጻፈ። እዚህ ላይ ከወጣቱ ጋር ነኝ። ኳኳታ የሚያመጣ ሊንክ ያገለገለ ቢሆን የምጎዳው በጆሮዬ ነው፤ በሾክ ግን መኪናዋ ኮሮኮንች ላይ ፍሬን ስትይዝ ጎማዋ ከመሬት ጋር መቆየቷና መዝለሏ የሚወሰንበት ስለሆነ አልሞክረውም።

ምላሽ 17። የመድኃኒት ቤቷ እኅት ሾኩን ለሌላ ጊዜ ባስተላልፈው ምን እንደሚሆን ጠየቀች፤ አንጋፋው መካኒክም ማስተላለፍ እንደምችል፣ ነገር ግን ሾክም ቴስቲናም በተነካ ቁጥር የጎማው አቀማመጥ ስለሚዛባ ዊል አላይመንት ግድ መሆኑን፣ ሥራውን ለሁለት ከከፈልሁት የእጅ ዋጋውንም አላይመንቱንም ሁለት ጊዜ እንደምከፍል አስረዱ። ሾኩ ሲፈታ ሞላው በመጭመቂያ ካልተያዘ ሰው ሊገድል እንደሚችልም ለእኔ ብቻ ሳይሆን በቤታቸው ለመሞከር ለሚያስቡ ሁሉ አስጠነቀቁ።

ምላሽ 18። በዚህ መሠረት ያዘዝሁትን ጻፍሁ፦ ሁለቱ ባልጆይንቶች፣ ሁለቱ ሊንኮች፣ የግራው ቴስቲና፣ ሁለቱ የፊት ሾኮች፣ የቀኙን ፍሬን ፈትቶ ማጽዳትና መቀባት፣ በመጨረሻም አላይመንት። የቀኙን ባልጆይንት የጨመርሁት ዕድሜው ከግራው እኩል ስለሆነና ዋጋውም ትንሽ ስለሆነ ነው። በተለያዩ ሁለት ጋራዦች ዕቃና እጅ ዋጋ ለየብቻ ተጽፎ እንዲሰጠኝ ጠይቄ፣ የተቀበልሁት 67,000 ብር ነው። የወጡት አሮጌ ዕቃዎች በእጄ እንዲሰጡኝም ተስማምተናል። ብራቾዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ጎሚኒያቸውን ለሚቀጥለው ቦሎ ስዘጋጅ እንደገና አያቸዋለሁ።

ምላሽ 19። የሐይቁ መምህር እንኳን ደስ ያለህ ካሉ በኋላ፣ 67,000 ብርም ቢሆን ብዙ ነው ብለው የመሸጡን ሐሳብ ደግመው አነሡት።

ምላሽ 20። ከውጫሌ የጻፈች ሴት መኪናዋ በኮሮኮንች ላይ ከኋላ በኩል እንደሚያንኳኳ ገልጻ ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ የትኛውን እንድታስቀይር ጠየቀች። የመኪናዋን ዓይነት፣ ድምፁ በፍሬን ጊዜ ወይስ በጉድጓድ ላይ እንደሚሰማና ባዶዋን ስትሆን ወይስ ጭነት ሲኖርባት እንደሚብስ ጽፋ የራሷን ጥያቄ እንድትከፍት መልሼላታለሁ፤ ወጣቱ መሐንዲስም እዚያው እንደሚጠብቃት ጽፏል።